በፉርጎና በፉርጎ መካከል

ኖርማን ፔልዘር ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጥርስ ሲሰረስር ኖሮ ጡረታ ሲወጣ መሰርሰሪያዎቹን ለተተኪው ሐኪም አላስረከበም። ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ምድር ቤት አወረዳቸውና ጠረጴዛ ላይ የሚነዳ የትንሽ ባቡር ፉርጎ ይሰረስርባቸው ጀመር። ሚስቱ አንድ ሁለት ዓመት ታገሠችው፤ ከዚያ ፍሎሪዳ ያለችው እህቷ ዘንድ ለገና ሄዳ በዚያው ቀረች። የከተማው የካርሰን ፎርክ ሰዎች መቅረቷን ያወቀው በፋሲካ ነው እያሉ ያሙታል። ሐሜት ነው፤ ግን ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

ሰውዬውን እንዲህ ያሳበደው አንድ ነገር ነበር፤ ክፍተት። እውነተኛ የጭነት ባቡር ቆሞ ያየ ሰው እንደሚያውቀው በአንዱ ፉርጎና በሚከተለው መካከል ያለው ቦታ ጠባብ ነው፤ አንድ ወፍራም ሰው ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ እንደምንም ቢያልፍበት ነው። ፋብሪካ የሚሠራቸው ትንንሾቹ ግን፣ ከእውነተኛው ሰማንያ ሰባት ጊዜ ያነሱት፣ መንጠቆአቸው ረጅም ስለሆነ በመካከላቸው ሁለት ወፍራም ሰዎች ተቃቅፈው መደነስ ይችላሉ። ሌላው ሁሉ በልኩ ነው። ጎማው፣ መሰላሉ፣ የብሎኑ ራስ እንኳ በልኩ ነው። ክፍተቱ ብቻ ውሸት ነው። አብዛኛው ሰው ይህን አያይም፤ ያየም አይቶ ይተወዋል። ኖርማን መተው አይችልም። መንጠቆውን ይነቅላል፣ መቀመጫውን ወደ ውስጥ ይሰረስራል፣ መልሶ ይተክለዋል፤ ያን ጊዜ ባቡሩ ግጥም ብሎ አንድ አካል ይሆናል። ይህን ሲያይ ደስ የሚለውን ያህል ሌላ ምንም ነገር ደስ አይለውም ነበር።

በእሳት አደጋ ጣቢያው ምድር ቤት ያለው የባቡር ክበብ ውስጥ ግን ይህን ጥበቡን ከቁም ነገር የቆጠረለት አልነበረም። አባላቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ይሰበሰባሉ፤ ዶናት ይበላሉ፣ ውሃ ውሃ የሚል ቡና ይጠጣሉ፣ ወገብ በሚደርስ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ገና በወጣትነታቸው በሠሩት ሸለቆና ተራራ መካከል ባቡር ይነዳሉ። «አሻንጉሊት» የሚለው ቃል እዚያ ቤት አይነሳም፤ አንድ ጊዜ አዲሱ ፓስተር አምልጦት ብሎ እስከ ዛሬ ድረስ በጎሪጥ ነው የሚያዩት። ኖርማንም የራሱን ፉርጎዎች ወደዚያ አይወስድም። በስኳር የተለወሰ ጣት እንዲነካቸው አይፈልግማ። እዚያ ሲሄድ የክበቡን ባቡር ይነዳል፤ የራሱን ቤቱ ባለው ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ያዞራል።

የሚቀርበው ሰው ክሌመንት ቭራቤል ነበር፤ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ለነገር የማይቸኩል፣ ቀልዱን ሳይስቅ የሚናገር ሰው። የክሌመንት አባት በከሰል ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ነበር። ልጁ ሃያ አራት የከሰል ፉርጎዎችን ከእንጨትና ከፕላስቲክ በእጁ ሠርቶ፣ የየአንዳንዱን ቁጥር በቀጭን ብሩሽ ጽፎ፣ እውነተኛ ከሰል ፈጭቶ ጭኖባቸዋል። በአውራጃው ውስጥ እነሱን የሚያክል ሥራ የለም፤ ኖርማን ራሱ ይህን ይመሰክራል። ክፍተታቸው ግን የፋብሪካዎቹን ያህል ሰፊ ነው። ይህ ለስንት ዓመት አከራከራቸው።

«በፉርጎዎችህ መሀል እኮ ላም ታልፋለች» ይለዋል ኖርማን።

«ትለፋ» ይላል ክሌመንት። «ላምስ በየት ትለፍ?»

ከዚህ ሌላ ምክንያት ሰጥቶ አያውቅም። ኖርማን አሳጥርልህ ብሎ ስንቴ ለመነው፤ ክሌመንት ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ሰው እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቶ፣ አንዲት ቀላል ስህተት ስታበላሽበት እያየ፣ በግትርነት እንዴት ይተዋታል? ኖርማን ይህን ሲያስብ ቆሽቱ ያርር ነበር።

አንድ ዓመት በነሐሴ ክሌመንትን ስትሮክ መታው። ብዙም አልጎዳውም፤ አነጋገሩ ተመለሰ፣ አረማመዱም ተመለሰ፤ ቀኝ እጁ ብቻ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይህ እጅ ደግሞ ባቡር የሚነዳበት ነው።

እዚህ ላይ የክበቡን አንድ ልማድ መናገር ያስፈልጋል። በኅዳር ከሚውለው የምስጋና በዓል ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ በሩ ለሕዝብ ይከፈታል፤ ከተማው ልጆቹን ይዞ ይመጣል፤ አባላቱም የየራሳቸውን ባቡር ያስነዳሉ። በዚያ ቀን በእርጅና ምክንያት ባቡር የወደቀበት ሰው በሚቀጥለው ሳምንት መግቢያው አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ማንም አያዝዘውም፣ ማንም ድምፅ አይሰጥበትም። የክበቡ ሊቀ መንበር ሩዲ ስታንኮ ትከሻውን አቅፎ እየሳቀ ይወስደውና ለልጆች የሚታደለውን የወረቀት ቆብ ያስይዘዋል። ከዚያች ወንበር ተነሥቶ መቆጣጠሪያ የጨበጠ ሰው እስካሁን አልታየም። ከወንበሯ የሚነሡት ወደ መቃብር ነው።

በጥቅምት መጨረሻ ኖርማን ሊጠይቀው ሲሄድ ክሌመንትን በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ተቀምጦ አገኘው።

«እጄን እያየህ ነው አይደል፣ ዶክ?» አለው።

«አላየሁም።»

«ጥርስ ስትነቅልም እንዲሁ ነበር የምትዋሸው፤ አያምህም እያልክ።» ክሌመንት ቀኝ እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር ከተተ። «ሩዲ ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ወንበሯን አዲስ ትራስ አደረግንላት ይለኛል። ስለ ወንበር ማን ጠየቀው?»

ኖርማን የተንሸራተተውን ብርድ ልብስ መልሶ ደረበለት።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለ ክሌመንት። «ሃያ አራቱንም ይዤ፣ አንድም ሳይወድቅብኝ ሙሉውን ልዙር። ከዚያ በኋላ ስለ ወንበር የሚያነሳ የለም።»

ኖርማን የሚያግዘው ነገር ካለ ጠየቀው። ከበዓሉ በፊት የፉርጎዎቹ ጎማ ይጠረጋል፤ ያለዚያ በአቧራው ምክንያት ከሐዲድ ይወጣሉ። በሚንቀጠቀጥ እጅ ደግሞ ይህ የሚሆን ሥራ አይደለም። ክሌመንት ጥቂት አሰበና ሚስቱን አይሪንን ጠርቶ ፉርጎዎቹ ያሉባቸውን ካርቶኖች አስመጣ። በዚያ ክበብ የሰው ፉርጎ ሳይፈቀድ አይነካም፤ ወድቆ ቢያዩት እንኳ ባለቤቱን ይጠራሉ እንጂ አያነሱም። ክሌመንት ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ለማንም ሰው አሳልፎ ሰጥቶ አያውቅም።

«ጎማቸውን ብቻ ጥረግልኝ» አለው። «ሌላ ነገር እንዳትነካ።»

«ምን እነካለሁ?»

«አንተን አውቅሃለሁ።»

ኖርማን ለአንድ ሳምንት ያህል ጎማ ብቻ ጠረገ። ይህን ልንመሰክርለት ይገባል። ግን ፉርጎዎቹ ቤቱ ናቸው፤ መሰርሰሪያው እጁ ላይ ነው፤ ክፍተቱ ደግሞ ፊት ለፊቱ ተገትሮ ያየዋል። ለክሌመንት የማይረሳ ስጦታ ይሆነዋል ብሎ አሰበ። ምናልባት የመጨረሻ የሕዝብ ቀኑ ነው፤ ባቡሩ አንድ ጊዜ እንኳ አባቱ ይሠራበት እንደነበረው ተገጣጥሞ ሲሄድ ይየው። ለራሱ የነገረው ይህን ነው። ከሥሩ ያለውን ግን ለራሱም አልነገረም፤ የዓመታት ክርክሩን በሰው ፊት ማሸነፍ አማረው። የሰው አደራ በእጁ ይዞ ማሸነፍ አማረው።

ሥራውን በግምት አልሠራም። ክፍተቱ ሲጠብብ ኩርባ ላይ አደጋ እንዳለው ከማንም በላይ ያውቃል፤ ባቡሩ ሲታጠፍ የሁለቱ ፉርጎዎች ማዕዘን በውስጥ በኩል ይቀራረባል፣ ኩርባው ጠባብ ከሆነ ተነካክተው አንዱ ሌላውን ከሐዲዱ ገፍቶ ያወጣዋል። ስለዚህ የክበቡን ኩርባዎች ሁሉ አሰበ። ከሁሉ የሚጠበው በተራራው ውስጥ ያለው፣ በዋሻው ተሸፍኖ የማይታየው ነው። የሱም ልክ፣ ከኩርባው መሀል እስከ ሐዲዱ ያለው ርቀት፣ በዋሻው አፍ አጠገብ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ሠላሳ ኢንች። የጻፈው ራሱ ኖርማን ነው፤ ያን ሐዲድ ክበቡ ሲመሠረት የዘረጋው እሱ ነበርና። ሠላሳ ከሆነ ይበቃል። በዚያው ልክ ሰረሰረ፤ ሃያ አራቱንም ገጠመ፤ ቤቱ ባለው ሠላሳ ኢንች ኩርባ ላይ ደጋግሞ አዞራቸው። አንድም አልወደቀም። በመጨረሻው ቀን መብራቱን ዝቅ አድርጎ በዓይኑ ደረጃ ጎንበስ ብሎ ሲያያቸው እንባው መጣ።

በበዓሉ ቅዳሜ ኖርማን ማልዶ ሄዶ ባቡሩን ራሱ ሐዲዱ ላይ ደረደረው። ክሌመንት ሲመጣ አይሪን የተኮሰችለትን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ክፍሉ በሕዝብ ተጨናንቋል። ልጆች በርጩማ ላይ ቆመዋል፤ አባላቱ ክንዳቸውን አጣምረው የክሌመንትን ፊት ሳይሆን እጁን ያያሉ። ባቡሩ ጠረጴዛው ላይ ካለው ትንሽ ጣቢያ ጣሪያ ሥር ስለቆመ ክፍተቱ አይታይም። ክሌመንት መቆጣጠሪያውን በቀኝ ያዘ፣ ግራውን ደረበበት፣ አውራ ጣቱን በቁልፉ ላይ አሳረፈ።

እጁ ጸጥ አለ። ኖርማን በዓይኑ ነው ያየው፤ እንዲያ ሲንቀጠቀጥ የነበረው እጅ ልክ ባቡሩ ንቅንቅ ሲል ጸጥ አለ። ባቡሩ ከጣቢያው ወጣ፣ በከሰል ማውጫው በኩል አለፈ፣ ወደ ወንዙ ድልድይ ቀረበ። ድልድዩ ላይ ግድግዳ የለም፤ ሙሉው ባቡር ከጎን ይታያል። ከሕዝቡ መሀል አንድ ሰው ልክ እንደ እውነተኛው ነው አለ። ኖርማን ልቡ በደስታ ልትፈነዳ ደረሰች። ዘወር ብሎ የክሌመንትን ፊት አየ።

ክሌመንት አንገቱን ዘንበል አድርጎ ፉርጎዎቹን ያያል። ባቡሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። የዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ሊቆም ምንም አልቀረውም ነበር። ሩዲ ጉሮሮውን ጠረገ። ኖርማን የክሌመንት እጅ የከዳው መሰለውና፣ ደስታው ከፊቱ ሳይጠፋ፣ ጠጋ ብሎ በጆሮው «አይዞህ፣ ንዳው» አለው።

ክሌመንት ዞሮ አየው። ረዘም ላለ ጊዜ አየው። ከዚያ ቁልፉን አዞረው፤ ባቡሩም ገባ።

መጀመሪያ የተሰማው ማንኪያ የወደቀ የሚመስል ድምፅ ነው። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ መሳቢያው ሙሉ እንደተደፋ ሆነ። ተራራው በስተኋላ በኩል ባዶ ነው፤ ከሐዲድ የወጣ ነገር የሚያርፈው ሲሚንቶ ላይ ነው። ሎኮሞቲቩ በወዲያኛው የዋሻ አፍ በኩል ብቅ አለ፤ አምስት ፉርጎዎች ተከትለውታል። ልጆቹ የቀሩትን ይጠብቃሉ። የሚመጣ አልነበረም።

ኖርማን እንዴት ጠረጴዛው ሥር እንደገባ አያውቅም። በደረቱ እየተሳበ ሄዶ በተራራው ሆድ ውስጥ በእጅ ባትሪ ብርሃን ፉርጎዎቹን አገኛቸው። ጎናቸው የተሰነጠቀ አለ፤ ማዕዘኑ የተሰበረ አለ፤ የተፈጨው ከሰል ወለሉን አጥቁሮታል። ከዚያ በጀርባው ተገልብጦ ባትሪውን ወደ ላይ አቀና። ኩርባውን አየ።

ሠላሳ አልነበረም። መለኪያ አያስፈልግም፣ በዓይን ይታወቃል፤ ከሃያ ብዙም አይበልጥም። ሐዲዱ አንድ ወፍራም የውሃ ቧንቧ ለመሸሽ ወደ ውስጥ ተጎትቶ ታጥፏል። የጎተተው ማን እንደሆነ ወዲያው ትዝ አለው። ወጣት ሐኪም ሳለ ነው፤ ክበቡ ሊመረቅ ደርሷል፤ ቧንቧው መንገድ ላይ ተገትሯል፤ ሁሉም ሰው ዶክተሩን ይጠብቃል። ሐዲዱን ጎትቶ አጠበበው። ጨለማ ውስጥ ማን ያየዋል ብሎ በፕላኑ ላይ የነበረውን ቁጥር ውጭ ላይ ጻፈው። ኋላ አስተካክለዋለሁ ብሎ ነበር። ኋላ ረሳው። ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ያን ቀይ ቁጥር እንደማንኛውም ሰው አመነው፤ የራሱን ውሸት አምኖ በሱ ልክ የሰው ፉርጎ ሰረሰረ።

እዚያው በጀርባው እንደተኛ ከላይ የክሌመንት ድምፅ መጣ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» ይላል። «እጄ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ልጆች።»

ሩዲ ለበሽተኛ በሚነገርበት ድምፅ፣ ምንም አይደል፣ ይህ በማናችንም ይደርሳል አለው። ኖርማን ሁሉንም ይሰማል። እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ ቢጮህም ይሰሙታል። እሱ ግን ፉርጎ ይለቅም ጀመር። ከተማው ሙሉ እዚያ አለ፤ ግማሹ ጥርሱን ያሳከመው እሱ ዘንድ ነው። ስብርባሪውን በካርቶን ሞልቶ ሲወጣ ክሌመንት ፊት ለፊት ቆሞ ይጠብቀው ነበር፤ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ይጠገናሉ» አለ ኖርማን።

«እሺ» አለ ክሌመንት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሩዲ የክሌመንትን ትከሻ አቅፎ እየሳቀ ወደ ወንበሯ ወሰደው።

በረዶው መጣ። ኖርማን ፉርጎዎቹን በሙጫና በትዕግስት ጠገናቸው፤ የሰረሰረውን ሁሉ ደፍኖ መንጠቆዎቹን ወደ ቀድሞ ቦታቸው መለሰ፤ ክፍተቱ ላም የሚያሳልፍ ሆነ። በየቅዳሜው ዛሬ እናገራለሁ ብሎ ከቤቱ ይወጣል። ክበቡ ሲደርስ የእሳት አደጋ መኪናዎቹ በሚወጡበት በኋላ በር ይገባል፤ በፊት ለፊቱ ቢገባ ክሌመንት አለ። አንድ ቀን ግን የኋላው በር ተቆልፎ አገኘውና በፊት ለፊት ለመግባት ተገደደ። ክሌመንት የወረቀት ቆቦቹን ጭኑ ላይ ቆልሎ ተቀምጧል። ቅዳሜው ተራ ቅዳሜ ስለሆነ ቆብ የሚወስድ ልጅ አልነበረም። ጤና ይስጥልኝ፣ ዶክ፣ አለው። ስለ ፉርጎዎቹ አልጠየቀውም። ኖርማንም ስለ ብርዱ አንድ ነገር ተናግሮ አለፈ። በዚያን ቀን ራሱን ተጸየፈ።

በየካቲት ካርቶኖቹን መኪናው ላይ ጭኖ ወደ ክሌመንት ቤት ሄደ። ምሳ ላይ ደረሰ። አይሪን ወንበር ሳበችለትና ፒሮጊ የሚሉትን ድንች የተሞላ ቅቅል ሊጥ ከነሽንኩርቱ አቀረበችለት። የክሌመንትን ሰሃን ጠጋ አድርጋ በቢላ እየቆራረጠች ስታመቻችለት ኖርማን ዓይኑን ሌላ ቦታ አሳረፈ። ስትጨርስ ሁለቱን አየች አየችና ልብስ አጣጥፋለሁ ብላ ወጣች።

ኖርማን ለዚህ ቀን ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። አንድ ቃሉም አልመጣለትም።

«ፉርጎዎቹን ሰርስሬአቸው ነበር» አለ። «ያን ቀን። እጅህ አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አለ ክሌመንት።

«ኩርባውም...»

«ኩርባውንም አውቃለሁ። አንተ የዘረጋኸው ሰሞን ገብቼ ለክቼዋለሁ። ታዲያ ፉርጎዎቼን አራርቄ የሠራኋቸው ለምን ይመስልሃል? ለላሟ ነው?»

ኖርማን ይህን ሁሉ ዓመት ሲያላግጥበት፣ ግትር ሲለው፣ ሰውዬው የሱን ጥፋት በፉርጎዎቹ ክፍተት ሸፍኖለት ይኖር ነበር። አንድ ቃል ሳይተነፍስ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ዶክተር ነበርክ። ያኔ አዲስ ነበርክ፣ ሰው ሁሉ ያከብርሃል። ሠላሳ ብለህ በቀይ ጽፈሃል።» ክሌመንት ትከሻውን ነቀነቀ። «ኋላ ደግሞ ጊዜው አለፈበት።»

«ድልድዩ ላይ አይተሃቸዋል ማለት ነው። ክፍተቱን።»

«አይቻለሁ።»

«ማቆም ትችል ነበር።»

«እችል ነበር። ላቆመውም ነበር።» ክሌመንት ለጥቂት ጊዜ በሹካው አንዷን ፒሮጊ ሲያሳድድ ቆየ፤ አልያዘለትም፤ ሹካውን አስቀመጠው። «ሰው ሁሉ ፊት ምን ብዬ ላቁመው? ዞር ብዬ ሳይህ ደግሞ ፊትህ እንደ ልጅ በርቷል። ምናልባት ያልፍ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። በጣም ያምሩ ነበር እኮ፣ ዶክ። የአባቴን ነበር የሚመስሉት።»

ኖርማን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ፉርጎ ይጠገናል» አለ ክሌመንት። «በፉርጎ አልተቀየምኩህም። ከጠረጴዛው ሥር ስትወጣ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ጠበቅሁ። ከዚያ በር ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። በኋላ በር መግባት ስትጀምር ተውኩት።»

ኖርማን ቅዳሜ ለሁሉም እናገራለሁ አለው። ክሌመንት ተናገርም አላለው፣ አትናገርም አላለው።

ተናገረም። ቅዳሜ ጠዋት ዶናቱ ሳይከፈት መሀል ቤት ቆሞ ከቧንቧው ጀምሮ እስከ መሰርሰሪያው ድረስ አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ሩዲ ሜትር ይዞ ተራራው ሥር ገባ፤ ቆይቶ አቧራ ለብሶ ወጣና ሃያ አንድ ነው አለ። ነገር ሲያገኙ ለወር የሚያላግጡት ሰዎች በዚህ ላይ አንድም ቀልድ አልወጣቸውም። ኖርማን ቢያላግጡበት ይሻለው ነበር። አንዱ በብሩሽ ቀዩን ቁጥር አጠፋው። ሩዲም ወደ በሩ ሄዶ ክሌመንትን እጁን ይዞ አስነሣው፤ የሩዲ ፊት በእፍረት ፍም መስሎ ነበር። ከወንበሯ ተነሥቶ መቆጣጠሪያ ሊጨብጥ የመጣ ሰው በዚያ ክበብ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

ኖርማን ሃያ አራቱን ፉርጎዎች በቀድሞ ክፍተታቸው ደርድሮ ጨረሰ። ክሌመንት መቆጣጠሪያውን ተቀበለ፣ ግራውን ደረበበት፣ አውራ ጣቱን በቁልፉ ላይ አሳረፈ። ጣቱ አልታዘዘውም። ሁሉም ሌላ ሌላ ቦታ የሚያዩ መሰሉ። እንደገና ሞከረ፤ ባቡሩ ድንገት ተስፈንጥሮ ቆመ። በግራ እጁ ሞከረ። ከዚያ ጥቂት ቆሞ ሐዲዱን አየና መቆጣጠሪያውን ወደ ኖርማን ዘረጋለት።

«አንተ ንዳው፣ ዶክ።»

«ክሌም፣ ቀስ ብለህ...»

«ንዳው አልኩህ። ቆሞ አይቅር።»

ኖርማን ነዳው። ባቡሩ በከሰል ማውጫው በኩል፣ በድልድዩ ላይ፣ ከነሰፊ ክፍተቱ ሄደና ዋሻው ገባ። ሃያ አራቱም ወጡ። ክሌመንት በርጩማ ላይ ተቀምጦ በሙሉ ዓይኑ ተከተላቸው፤ የመጨረሻው ፉርጎ ብቅ ሲል በግራ እጁ ጭኑን መታ መታ አደረገ። የተከፋ አይመስልም ነበር። ኖርማንን የገደለው ይኸው ነው።

ከቀትር በፊት አይሪን ልትወስደው መጣች። ኖርማን ካርቶኖቹን መኪናቸው ድረስ ተሸክሞላቸው ሄደ፤ ክሌመንት ከፊት ተቀመጠ፣ እሷ የደህንነት ቀበቶውን አሰረችለትና በሩን ዘጋች። ኖርማን ዛሬ እጁ እንዴት እንዲህ እንደጠናበት ጠየቃት። ጥር አጋማሽ ላይ ሌላ ትንሽ ስትሮክ እንደነበረው ነገረችው፤ ለሰው እንዳትናገሪ ብሏት ነበር።

«እስከዚያ ድረስ ደህና ነበር እኮ» አለች። «የጫማውን ክር እንኳ ራሱ ነበር የሚያስረው።»

ልትወቅሰው ብላ አልነበረም የተናገረችው፤ ስለ ባሏ እያወራች ነው። ኖርማን ካርቶኖቹን ከኋላ አስቀመጠና ክዳኑን ገጠመ። በኅዳር ቢናገር ኖሮ ታኅሣሥ ነበረ፤ ገና ነበረ፤ እነዚያ ሁሉ ቅዳሜዎች ነበሩ። ክሌመንት በእጁ ባቡር ሊነዳባቸው የቀሩት ሳምንታት እነሱ ነበሩ፤ እነሱንም በር ላይ ተቀምጦ፣ ቆብ ለማይመጡ ልጆች ቆብ ይዞ፣ የአንድ ሰው አፍ እስኪከፈት ሲጠብቅ ጨረሳቸው።